የተጨፈለቀ ጋስኬት ዳግም አይታሰርም!

መጀመሪያ ሐሳቤን ልናገር፣ ከዚያ አስረዳለሁ። አንድ ጊዜ ታስሮ የሠራ፣ ቴስታታው ሲነሳ አብሮ የወጣ የቴስታታ ጋስኬት ሥራውን ጨርሷል። "ደህና ነው፣ አልተቀደደም፣ ጠርገን እንመልሰው" ብሎ መልሶ የሚያስር መካኒክ ሞተር አልጠገነም፤ ለሚቀጥለው ብልሽት ቀጠሮ ሰጥቶ ነው የሸኘው። ይኼን የምጽፈው ተናድጄ ነው፣ አዎ። ምክንያት አለኝ።

ሰሞኑን ሦስት የቀድሞ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ላኩልኝ። አንዱ ከላሊበላ ይምርሐነ ክርስቶስ ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነው። አንዱ ወልድያ ጋራዥ ገብቶ ሙያ እየለመደ ነው። አንዷ ደግሞ አዲስ አበባ ናት፤ ባሏ አሮጌ ላዳ ገዝቶ ታክሲ ይሠራል። ጥያቄው "ቲቸር፣ የቴስታታ ጋስኬት ተመልሶ ይታሰራል ወይ? እዚህ ሁሉም ሰው ይታሰራል ነው የሚለው" የሚል ነው። ሦስት ከተማ፣ አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ! ስለዚህ ለሦስቱም በአንድ ላይ፣ በአደባባይ ልመልስ ብዬ ነው።

"መምህር፣ አንተ ጠመኔህን ያዝ፣ ቁልፉን ለባለሙያው ተው" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥሩ። እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ መካኒክ ነኝ አላልኩም። ግን ተማሪ እያለሁ ክረምት ክረምት አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ቴስታታ ስፍቅ ነው ያደግኩት። ደግሞም ግፊት፣ ሙቀትና የብረት መለጠጥ በማን ጋራዥ እንዳሉ አይተው አያዳሉም። የፊዚክስ ሕግ "ለጊዜው ይሥራ" የሚባል ነገር አያውቅም።

ጋስኬቱ ምን ይሠራል?

ለማታውቁት በአጭሩ። ሞተር ከታች ብሎክ አለው፣ ከላይ ደግሞ ቴስታታ ይከደንበታል። ሁለቱ ብረቶች መሃል የምትገባዋ ስስ ነገር ናት ጋስኬት የምትባለው። አንጋፋዎቹ መካኒኮቻችን ከጣሊያንኛ በወረሱት ቃል "ጓርኒሲዮን" ይሏታል፤ ቴስታታ የሚለውም ከዚያው የመጣ ነው።

ይህች ስስ ነገር ሦስት ጠላቶችን በአንድ ጊዜ ለያይታ ትይዛለች። እሳት፣ ውሃና ዘይት። በሲሊንደሩ ውስጥ የሚነደው ጋዝ ወደ ውሃው እንዳይሄድ፣ ውሃው ወደ ዘይቱ እንዳይገባ፣ ዘይቱም ወደ ውጭ እንዳይፈስ የምትከለክለው እሷው ናት።

እስቲ አንድ ስሌት እንሥራ፤ ተማሪዎቼ ደብተር አውጡ። እዚህ ላስታ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት የላንድክሩዘር 1ኤችዜድ የናፍጣ ሞተር 6 ሲሊንደር ነው፤ የአንዱ ሲሊንደር ስፋት ዳር እስከ ዳር 94 ሚሊሜትር ነው። ይኼ ወደ 69 ካሬ ሴንቲሜትር የሚጠጋ ፊት ይሰጠናል። ናፍጣው ሲነድ ግፊቱ 80 ባር ደረሰ እንበል። 80ን በ69 ስታባዙ ቴስታታውን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ከ5 ቶን ተኩል ክብደት ጋር እኩል ይሆናል። ከአንድ ሲሊንደር ብቻ ነው ይኼ! ሞተሩ በደቂቃ 2400 ዙር ሲዞር ደግሞ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 20 ጊዜ ይተኩሳል። አንድ ሙሉ የአይሱዙ ጭነት በሰከንድ 20 ጊዜ ከሥር እየገፋህ "አትነቃነቅ" ብትባል አስበው። ጋስኬት የሚባለው ነገር ሥራው ይኼ ነው። እሱን ነው እንግዲህ በምላጭ ፍቀን፣ በቤንዚን አጥበን "እንደ አዲስ ሆነ" የምንለው።

ለምን አይመለስም?

ጋስኬት የሚይዘው ስለሚጨፈለቅ ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ ለስላሳው ክፍል ወደ ብረቱ ጥቃቅን ጉድጓድና ጭረት ይገባል፤ የዚያን ሞተር፣ የዚያን ቀን ፊት ቅርጽ ይይዛል። በየሲሊንደሩ ዙሪያ ያለው የብረት ቀለበትም ተጨፍልቆ ይቀመጣል። ከዚያ ለዓመታት በሙቀት ይጋገራል። ቴስታታው ሲነሳ ጋስኬቱ ወደ ድሮው ውፍረቱ አይመለስም። የተጠፈጠፈ እንጀራ ወደ ሊጥ ይመለሳል እንዴ?

መልሰህ ስታስረው በፊት የነበረችበት ቦታ ላይ በትክክል አትቀመጥም። የዚያ ጉብታ ከዚህ ጉድጓድ ጋር አይገጥምም። የሚጨፈለቅ ነገር ስላልቀረ ብሎኑን የፈለግከውን ያህል ብታጠብቅ የሚይዘው ነገር የለም። ይባስ ብሎ አንዳንዱ "ትንሽ ጨምረህ አጥብቀው" ይላል። ከልክ በላይ የጠበቀ ብሎን ይለጠጣል፣ ከዚያ ይላላል ወይም ይበጠሳል፤ ወይ የብሎኩን ጥርስ ይዞ ይወጣል። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ማለት ይህ ነው። ጋስኬት ቆጥቦ ብሎክ መግዛት!

እውነቱን ለመናገር አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ እሱን ካልተናገርኩ ሐቀኛ አልሆንም። በጣም አሮጌ በሆኑ አንዳንድ ሞተሮች ላይ ወጥ የመዳብ ጋስኬት ይገኛል፤ ሙሉ በሙሉ መዳብ የሆነ፣ ምንም ያልተነባበረበት። መዳብ ሲጨፈለቅ ይጠነክራል፤ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግለኸው ስታቀዘቅዘው ግን እንደገና ይለሰልሳል። ካልተበላና ካልተጣመመ እሱ ተመልሶ ሊታሰር ይችላል። የድሮ ሰዎች "ይመለሳል" የሚሉት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። እነሱ ልክ ነበሩ፣ ለመዳቡ። ዛሬ እጃችን ላይ ያለው አብዛኛው ጋስኬት ግን በመሃሉ ቆርቆሮ፣ ከላይና ከታች ለስላሳ ነገር የተነባበረበት ነው፤ ወይም በስስ ብረት ላይ ብረት ተደራርቦ የተሠራ ነው። ሁለቱም በእሳት አግለህ የምታድሰው ነገር የላቸውም። የአባትህን ጥበብ ለማይሆነው ዕቃ ማዋል ጥበብ አይደለም።

የላስታ ነገር የተለየ ነው

ይህን ጉዳይ እዚህ አገር የምጮህበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለኝ። ከፍታው።

9ኛ ክፍል ያስተማርኳችሁን አስታውሱ። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ላሊበላ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ91 ወይም በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሞተር ጤነኛ ሙቀት ደግሞ ከ80 እስከ 90 ነው። በመሃል ያለችው ክፍተት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነች አያችሁ? ያቺን ክፍተት የሚያሰፋልን የራዲያተሩ ክዳን ነው። 0.9 ባር የሚል የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ውሃውን አምቆ ይይዝና መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን፣ ወይም ብዙ ጊዜ እንደማየው በጨርቅ የተወተፈ ራዲያተር፣ መኪናውን ወደ 91 ዲግሪ ይመልሰዋል።

አሁን መንገዱን አስቡት። ከላሊበላ ይምርሐነ ክርስቶስ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚሆን ኮረኮንች ነው፤ በቢልባላ በኩል ዳገት፣ ቁልቁለት፣ እንደገና ዳገት። መኪናው በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ይጮሃል፣ ነፋስ ወደ ራዲያተሩ የሚያስገባ ፍጥነት የለም፣ የጫነው ሰው ደግሞ ከልኩ በላይ ነው። ለጥቅምት 19 ክብረ በዓል ወይም በገና ሰሞን የሚሄደውን መኪና አይታችሁታል። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ተመልሶ የታሰረ ጋስኬት ማለት የተቀጠረ አደጋ ነው።

ሞተር ዳገት ላይ ሞቆ ሲጠፋ "ቆመን እናቀዘቅዘዋለን" ብቻ አይደለም ጉዳዩ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው የአየር ኃይል አብሮ ይጠፋል፤ አንድ ሁለቴ ከረገጥክ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ኃይል የተሰጠው መሪ ካለህ እሱም ይከብዳል። ከኋላህ ገደል፣ ውስጥ አሥራ ምናምን ሰው። ጋስኬት "የሞተር ውስጥ ጉዳይ" ነው የምትሉኝ ሰዎች እዚያ መኪና ውስጥ እናታችሁን አስቀምጣችሁ አስቡት።

ባለፈው ዓመት የሆነውን ልንገራችሁ። የጋራዡንም የሰውየውንም ስም አልጠራም፤ ማዋረድ አልፈልግም። አንድ ባለ አሮጌ ላንድክሩዘር ሞተሩ ውሃ እየጨረሰ አስቸገረው። ጋራዥ አስገባ። ቴስታታው ተነሳ፣ ጋስኬቱ ተጠረገ፣ ሲልከን ተቀባ፣ ተመልሶ ታሰረ። የእጅ ዋጋ ሙሉ ተከፈለ። መኪናው ዘጠኝ ቀን ሠራ። በአሥረኛው ቀን ከቢልባላ ወዲያ ዳገቱ ላይ ነጭ ጭስ ተፍቶ ቆመ። የጫናቸው ምእመናን፣ አሮጊቶችም ነበሩበት፣ የቀረውን መንገድ በእግራቸው ሄዱት። ቴስታታው ሲከፈት በቫልቮቹ መሃል ተሰንጥቆ ተገኘ። ሰውየው ሌላ ቴስታታ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም፤ መኪናው ዛሬም ከቤቱ ደጅ ዶሮ ይሰፍርበታል። በዚያ መኪና ይማሩ የነበሩ ልጆች ነበሩ። አንዱ የእኔ ክፍል ነበር፤ በዚህ ዓመት አልተመዘገበም።

"ጋስኬት ነው እኮ" ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ጋስኬት ነው።

የሚሰጡኝ መልሶች

አንደኛ፤ "ድሃ ነን፣ አቅም የለንም።"

ይህ በጣም የሚያሳዝነኝ መልስ ነው፤ ምክንያቱም እውነት ይመስላል። ኮቪድ መጣ፣ ጦርነት ተከተለ፣ ጎብኚ ጠፋ፤ የላሊበላ ሾፌር እጁ ላይ ምንም የለም። ብሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ዋጋ ይወሰን ከተባለ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ሰማይ ወጥቷል። ይህን አልክድም። ግን ሒሳቡን ተከተሉኝ። ቴስታታ ሲነሳ የምትከፍለው ምን ምን ነው? የእጅ ዋጋ፣ አዲስ የሞተር ዘይት፣ ማጣሪያ፣ መኪናው የቆመበት ቀን። ጋስኬቱ ከእነዚህ ሁሉ አንዱ ብቻ ነው። እሱን ቆጥበህ በሁለት ሳምንት ብትመለስ ሌሎቹን ሁሉ ሁለተኛ ትከፍላለህ፤ ያኔም ጋስኬቱን መግዛትህ አይቀርም። ሁለት ጊዜ መክፈል የሚችለው ሀብታም ነው። ድሃ አንዴ ነው የሚከፍለው፤ ስለዚህ አንዴ በትክክል ይሠራለት!

ሁለተኛ፤ "ዕቃው አይገኝም።"

አንዳንዴ እውነት ነው። ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልተገኘው ስላልተፈለገ ነው። አሮጌውን ጋስኬት አትጣሉት፤ ጥቅም አለው፣ ለናሙና። እሱንና ብሎኩ ላይ የተመታውን የሞተር ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ለሚያውቅ ሰው ላኩ። ዳር ላይ ያሉትን ጥርሶች ወይም ቀዳዳዎች ቁጠሩ፤ በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ላይ የውፍረት ምልክት ናቸው። የተሳሳተ ውፍረት ከገባ ፒስተኑ ከላይ ካለው ነገር ጋር ሊጋጭ ይችላል፣ ወይም ሞተሩ ጉልበት ያጣል። "ይመሳሰላል" ብላችሁ አትግዙ፤ ለጥቂት አሥረኛ ሚሊሜትር ብላችሁ ሞተር ታጣላችሁ። ደግሞ "ዘመናዊው ይሻላል" ብላችሁም አትሸወዱ። ብረት በብረት የተደራረበው ዓይነት በጣም ለስላሳ ፊት ይፈልጋል፤ ዝገት የቆፈረው አሮጌ ብሎክ ላይ ለስላሳ ሽፋን ያለው ዓይነት የበለጠ ይታገሣል።

ሦስተኛ፤ "ሲልከን አለ እኮ።"

ሲልከን አለ። ለዘይት መያዣው ክዳን ጥሩ ነው። ፋብሪካው "እዚህ ጥግ ላይ ጠብታ አድርጉ" ያለበት ቦታም ላይ ጥሩ ነው። ቴስታታ ላይ በሙሉ መቀባት ግን ሌላ ነገር ነው። ሲልከን 300 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ያልቅለታል፤ የሚነደው ጋዝ ደግሞ ከ2000 ዲግሪ በላይ ነው። የተረፈው ተጨምቆ ወደ ውሃና ወደ ዘይት መተላለፊያው ይገባና ይደፍነዋል። ከዚያ አዲስ በሽታ ትፈጥራለህ፤ የቴስታታው ጫፍ ዘይት አጥቶ ይደርቃል። ታጥቦ ጭቃ!

አራተኛ፤ "ግን ሠርቷል እኮ፤ የእከሌ መኪና ሁለት ዓመት ሄደ።"

ያልሠሩትን ማን ቆጠራቸው? የሠራው ሰው ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ያወራል፤ ያልሠራለት መኪናውን ሸጦ ዝም ብሏል። ፈተና ሳያጠና ያለፈ አንድ ተማሪ ስላለ "ማጥናት አያስፈልግም" ብዬ ላስተምር እንዴ?

አምስተኛ፤ "ይሄን ቆሻሻ ሽጠህ ሌላ ግዛ።"

ይኼኛው መልስ ከሌላኛው ወገን ነው የሚመጣው፤ ብዙ ጊዜ ደህና ገንዘብ ካላቸው ሰዎች። በየት በኩል ነው የሚገዛው? በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አክብዶታል። ከ2016 ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። የኤሌክትሪኩ መኪና ለአዲስ አበባ ይሁን እሺ፤ ለቢልባላ ኮረኮንች፣ መብራት ለሚጠፋበት አገር ገና ሩቅ ነው። ስለዚህ እነዚህ አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል። አሮጌ መሆናቸው በግዴለሽነት ለመጠገን ምክንያት አይሆንም። ምትክ የሌለው ዕቃ ነው ከሁሉ በላይ በጥንቃቄ መያዝ ያለበት።

አዲስ ጋስኬትም ብቻውን አያድንም

እዚህ ላይ ደግሞ ለአንዳንድ "አዲስ ገዝቼ አስሬያለሁ" ለሚሉም አልተኛላቸውም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ጋስኬት እንዲሁ ብድግ ብሎ አይቃጠልም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ስለሞቀ ነው። ለምን ሞቀ? ራዲያተሩ ተደፍኖ ነው? ክዳኑ አልቆ ነው? የውሃ ፓምፑ ነው? የማራገቢያው ቀበቶ ላልቶ ነው? ይህን ሳታገኝ አዲስ ጋስኬት ማሰር ለሚቀጥለው ቃጠሎ ማገዶ ማቅረብ ነው። እባካችሁ ቴርሞስታቱን እያወጣችሁ አትጣሉ! "ሞተር እንዲቀዘቅዝ" ትላላችሁ፤ ሞተር ሁልጊዜ መቀዝቀዝ የለበትም፣ ልኩን ሙቀት መያዝ አለበት። የተበላሸ ቴርሞስታት ይቀየራል እንጂ ቦታው ባዶ አይተውም።

ሁለተኛ፣ የሞቀ ቴስታታ ይጠማል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ፊቱ ላይ በርዝመት፣ በወርድና በሰያፍ አስቀምጣችሁ፣ ፊለር ጌጅ የሚባለውን ስስ የብረት ቅጠል ከሥሩ ለማስገባት ሞክሩ። በብዙ ሞተሮች ላይ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር ካለፈ ፊቱ መላግ አለበት፤ ልኩን የሞተሩ መመሪያ ይነግራችኋል። የሰው ፀጉር ውፍረት ያህል ነው እንግዲህ። በዓይን አይታይም፤ "አየሁት፣ ደህና ነው" የሚለው መካኒክ አላየም። ማስላጊያው ደሴ ከሆነ ደሴ ይላክ። ሁለት ቀን መጠበቅ ይሻላል።

ላዳ ለያዛችሁ ደግሞ ይኼን ጨምሩ። ላዳ መኪናው ከፊያት 124 የመጣ ነው፤ የሞተሩ ብሎክ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ያህል ይለጠጣል። ግማሽ ሜትር ርዝመት ላይ በ80 ዲግሪ ሙቀት ልዩነት የሁለቱ ልዩነት ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ጋስኬቱ በየቀኑ፣ ሞተር በተነሳና በጠፋ ቁጥር ይህን መፈጋፈግ ይችላል ተብሎ ነው የተሠራው፤ አዲስ ሲሆን። የደረቀው ግን አይችልም። ለዚያ ነው የአሉሚኒየም ቴስታታ ያላቸው መኪኖች ይህን ግፍ ፈጽሞ የማይታገሡት።

ሦስተኛ፣ ብሎን በስሜት አይጠበቅም። ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ በቶርክ ሬንች፣ ፋብሪካው በሰጠው ቁጥር። የብሎኑ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ከቀረ ብሎኑ ሲገባ ፈሳሹ የሚሄድበት ስለሌለው ብሎኩን ይሰነጥቃል፤ አድርቁት። ብዙ የድሮ ሞተሮች ላይ ደግሞ ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ብሎኑ እንደገና ይታያል። ቶርክ ሬንች ውድ ነው ትሉኛላችሁ። ለአንድ ጋራዥ ውድ ከሆነ ሦስት ጋራዥ ተዋጥቶ ይግዛ። ዕቁብ የምንጥል ሰዎች አይደለን እንዴ?

ይምርሐነ ክርስቶስን እዩ

ይህ ሁሉ "የፈረንጅ ጣጣ" ለሚመስላችሁ አንድ ነገር ልበል። ይምርሐነ ክርስቶስ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ፤ ካልሄዳችሁ ሂዱ። በዋሻ ውስጥ የቆመው ያ ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላዎቹ ይቀድማል፤ በእኛው የዛጉዌ ንጉሥ ስም የሚጠራ ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ከዚያ እንጨት፣ እንደገና ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት ነው። ግንበኞቹ ድንጋይን በድንጋይ ላይ ብቻ መደርደር ያቅታቸው ነበር? አያቅታቸውም። በመሃል የሚያያይዝ፣ የሚሸከም ነገር እንደሚያስፈልግ ስላወቁ ነው። ያንን የመሃሉን ነገር ቦታው ላይ በልኩ አስቀመጡት፤ ብዙ መቶ ዓመት ቆመ። ጋስኬትና የእንጨት ማገር ሥራቸው አንድ ነው አልልም፤ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። የምለው ሌላ ነው። በዚህ ተራራ ላይ "በልኩ መሥራት" ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። የእኛው ነበር። "ለጊዜው ይሁን" የሚለው ነው ኋላ የመጣብን።

በመጨረሻ

ለሾፌሮችና ለባለ መኪናዎች፦ ቴስታታ ሲነሳ ቁጭ ብላችሁ እዩ። አዲሱን ጋስኬት ከነማሸጊያው አሳዩኝ በሉ፤ አሮጌውን ደግሞ በእጃችሁ ይዛችሁ ውጡ። አሮጌው ከእናንተ ጋር ካለ ተመልሶ ሊታሰር አይችልም። ራዲያተር ውስጥ አረፋ ካያችሁ፣ የማይፈስ ውሃ ካለቀ፣ ጧት ጧት ነጭ ጭስ ካለ፣ የዘይት መለኪያው ላይ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካያችሁ ሰው አትጫኑ። ውሃ የገባበት ዘይት ኮሎውን ይበላል፤ ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ ደግሞ ስለማይታመቅ ቢዬላ ያጣምማል።

ለመካኒኮች፦ ሙያችሁን አከብራለሁ፤ ያለ እናንተ ይህ አገር አንድ ቀን አይንቀሳቀስም። መንገድ ላይ ከተማ ርቆ፣ ሰው ወርዶ፣ መኪናው እስከ ቅርብ ጋራዥ ብቻ እንዲደርስ ብላችሁ አሮጌውን ብትመልሱ እረዳለሁ። ያንን ግን ለባለቤቱ ንገሩት፣ ጋራዥ ሲደርስም ይቀየር። ጋራዥ ውስጥ ሆናችሁ፣ ሙሉ ዋጋ ተቀብላችሁ፣ "ተሠርቷል" ብላችሁ አሮጌውን ማሰር ግን ማታለል ነው። "አዲስ ካላመጣህ አላስርም" ማለት ልመዱ። ለአንድ ቀን ደንበኛ ያሸሻል፤ ለሃያ ዓመት ስም ያስገኛል።

ለእናንተ ጋራዥ ለገባችሁ ልጆቼ፣ ይኼን በተለይ ስሙኝ፦ የድሮ መኪኖች ጋስኬት ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ካንሰርና የሳንባ መድረቅ ያመጣል። በደረቁ አትፍቁ፣ በሽቦ ብሩሽ አታቡንኑ፣ ከሁሉ በላይ በኮምፕሬሰር አትንፉ። በውሃ አርጥቡት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ የሥራ ልብሳችሁን ቤት ወስዳችሁ ከታናናሾቻችሁ ልብስ ጋር አታጥቡ። አለቃችሁ "ምን ይሄ ሁሉ ጣጣ" ካለ፣ "ቲቸር ነው ያለን" በሉት። ስድቡን እኔ እቀበላለሁ።

የማትስማሙ ካላችሁ ከታች ጻፉ፤ ግን ማስረጃ ይዛችሁ ኑ። "እኛ ጋ ሁሌም እንዲህ ነው" የሚለውን አልቀበልም፤ እሱን ነው እኮ እየተቃወምኩ ያለሁት። አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ካወቃችሁ ሼር አድርጉለት። ከሁሉ በፊት ደግሞ ነገ ጧት ሞተራችሁን ሳታስነሱ፣ ቀዝቃዛ እንደሆነ፣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ ላስቲኩን እዩት።

በሰላም ያግባን፣ ቸር እንሰንብት።